ሦስት ሣጥን ዝናብ

በመንደራችን በፓሊዮሪዚ የድሮው የዘይት መጭመቂያ ቤት ዛሬ ወይራ አይጨመቅበትም፤ የሚጨመቁት አምስት ተማሪዎች ናቸው። የድንጋዩ ወፍጮ ከባድ ስለሆነ የሚያወጣው ጠፍቶ እዚያው መሃል ቤት ቀርቷል፤ ስክሪኑ የተቀመጠው እሱ ላይ ነው። በስክሪኑ ሒሳብ ከደሴታችን ከተማ ይመጣል፣ የእርሻ ትምህርት ከአቴንስ፣ ኬሚስትሪ ደግሞ ከተሰሎንቄ። የኬሚስትሪው መምህር ብርቱካናማ ድመት አለችው። ትምህርቱ ሲጋጋል ጠረጴዛው ላይ ትወጣና ጅራቷን ካሜራው ፊት ትዘረጋለች። መንደሩ የመምህሩን ስም እስካሁን አልያዘም፤ የድመቷን ስም የማያውቅ ግን የለም። ባለፈው ፋሲካ የቄሱ ሚስት ለድመቷ ደረቅ ዓሣ በፖስታ ቤት ልካለች፤ ለመምህሩ ሰላምታ ብቻ።

የእኔ ካፌ ከመጭመቂያው ቤት ፊት ለፊት ነው። በጋ ላይ በሩን ክፍት ስለሚተዉት ግማሹን ትምህርት እኔም ብርጭቆ እያጠብኩ ተምሬዋለሁ። ስለ ናይትሮጅን የማውቀውን ያህል ስለ ደንበኞቼ አላውቅም፤ ናይትሮጅን ስለ ራሱ አይዋሽም።

ይህ ክፍል ከመከፈቱ በፊት ልጆቻችን አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ለትምህርት ወደ ከተማው ይሄዱ ነበር፤ ከከተማው ወደ አቴንስ። ከአቴንስ የሚመለሱት ነሐሴ ላይ ለመዋኘት ነው። ነጠላ ጫማ አድርገው አደባባዩ ላይ ይቆሙና «እዚህ እንዴት ያለ ሰላም ነው!» ይላሉ። ሰላሙ የመጣው እነሱ ስለሄዱ መሆኑን የሚነግራቸው የለም፤ እንግዳ አይከፋም።

ክፍሉ የተፈቀደልን ለሙከራ ነው። ተማሪዎቹ በሁለተኛው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ለአካባቢው የሚጠቅም አንድ ሥራ ሠርተው ለኮሚቴ ያቀርባሉ። ኮሚቴው ካመነበት ክፍሉ ይቀጥላል። ካላመነበት አምስቱም ሻንጣቸውን ያነሳሉ።

ከአምስቱ አንዷ ማርኬላ ናት። አባቷ መርከበኛ ነው፤ እናቷ አቴንስ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ማርኬላ የምትኖረው እዚህ ከአክስቷ ከኪራ አርጊሮ ጋር ነው፤ ኪራ የምንላት ለአክብሮት ነው። ክፍሉ ከተዘጋ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ ነገሩ ተነግሮ ያለቀ ነው። ኪራ አርጊሮ ልጅ የላትም። ያላት የማስቲካ ዛፍ፣ ማንም ስህተት አግኝቶባት የማያውቅ ስም፣ እና ማርኬላ ናቸው። ስለ ሦስተኛዋ ተናግራ አታውቅም። ብቻ ስለ ኮሚቴው ወሬ በተነሳ ቁጥር የያዘችውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጋ ታስቀምጣለች። ሁለት ስኒ ሰብራብኛለች።

እኛ የምንኖረው በማስቲካ ነው። ከዛፉ ስር እንጠርጋለን፣ ነጭ አፈር እናነጥፋለን፣ ከዚያ ግንዱን እንበጣለን። ሙጫው ጠብ ጠብ እያለ ነጩ አፈር ላይ ይወርድና እስኪደርቅ ሳምንታት ይተኛል። በዚያ መካከል ዝናብ ከመጣበት የዓመቱ ድካም ጭቃ ይሆናል። ዝናቡ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ከተራራው ጀርባ ነው የሚመጣው። መንደሩ ላይ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠርቶ ሳለ ላይ ያሉት ዛፎች መበስበስ ይጀምራሉ፤ እኛ ጋ ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

ማርኬላ ያሰበችው ይህንን ነው። አራቱን ጓደኞቿን ይዛ፣ ከአቴንሱ መምህር ጋር ክረምቱን ሙሉ በስክሪን እየተነጋገረች፣ አምስት ሣጥን ሠራች። እያንዳንዷ ሣጥን ከላይ ክብ አፍ አላት፤ ውስጧ ትንሽ ማንኪያ አለች። ዝናቡ ማንኪያዋን ሲሞላት ትገለበጣለች፣ በተገለበጠች ቁጥር ትቆጠራለች፣ ቁጥሩ በአየር መጭመቂያው ቤት ይደርሳል። አንዷ ሣጥን ብቻዋን ብትጮህ ማንም አይሰማትም። ሦስቱ «ረጠብን» ሲሉ ግን የመንደሩ ስልክ ሁሉ ይጠራል፦ ላይ ዘንቧል፣ ሰብስቡ። ሦስት እንዲሆኑ ያደረገችው ወፍ ብትቀልድ፣ ፍየል ብትገፋ ብላ ነው። ኪራ አርጊሮን አላሰበችም።

ሣጥኖቹን ለማቆም የላይኛዎቹን ማሳዎች ባለቤቶች ማስፈቀድ ነበረባት። ባርባ ፍራንጉሊስን ያስፈቀደችው እኔ ካፌ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቻችንን ባርባ እንላለን፤ ባርባ ፍራንጉሊስ ካርታ ሲጫወት የሚሸነፍ፣ ሲሸነፍ ስለ መንግሥት የሚናገር ሰው ነው።

«ባርባ፣ ከዛፍዎ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሣጥን ላቁም?»

«ምን ትበላለች?»

«ፀሐይ።»

«እንግዲያው ከሚስቴ ወንድም ትሻላለች። አቁሚያት።»

ቄሱ አባ ፓንቴሊስም ፈቀዱ፤ ሣጥኗን ባረኳት፣ ከዚያ ድምፅ ታወጣ እንደሆነ ጠየቁ። ኪራ አርጊሮ ግን አልተጠየቀችም። የመጀመሪያዋን ሣጥን ራሷ ተሸክማ ወጣች፣ ራሷ አቆመች፣ ዘንበል ብላለች ብላ ራሷ አቃናች።

ከዚያ የኮሚቴው ቀን ተቆረጠ፤ ረቡዕ ሆነ። ኮሚቴው ከተማው ሆኖ በስክሪን እንደሚያየን፣ ሣጥኖቹንም ልጆቹ በካሜራ እንደሚያሳዩት ተነገረ። ቀጥሎ የሆነውን መንደሩ ያወቀው በኋላ ነው፤ እኔ ግን በቦታው አስቀምጠዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የሟቹ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ተዝካር ነበር። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ኪራ አርጊሮ አልሄደችም፤ ከሟቹ ጋር አሥር ዓመት አልተነጋገሩም፣ አሁን የምትጀምርበት ምክንያት አልታያትም። ይልቅ ሁለት ጎረቤቶቿን አስነሳች።

«ካሜራ ሊመጣ ነው» አለቻቸው። «ሣጥኖቹን አይታችኋል? አቧራ፣ የሸረሪት ድር፣ የወፍ ኩስ። ያቺ ልጅ ዓመት ሙሉ ለፍታ፣ ከዛፌ ስር እንዲህ ያለ ዕቃ ልታሳይ ነው?»

እኛ ዘንድ ከዛፍ ስር የተነሳ ነገር ሁሉ ይታጠባል። ማስቲካውም ከተለቀመ በኋላ በሳሙና ይታሻል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል፣ ይሰጣል። ከዚህ ውጭ የሚያስብ ሰው በመንደሩ አልተወለደም። ደግሞም ኪራ አርጊሮ ሣጥኗ እንደ ዓይን ሰማዩን እያየች የምትናገር ይመስላት ነበር። ስለዚህ በተለይ አፏን በደንብ አሸችው፤ አጥርታ እንድታይ። ከዚያ በባልዲ ለቀለቀቻት። ወደ ቀጣዩ ማሳ ሲወርዱ ምንጩ ጋ ተቀምጠው በለስና አይብ በሉ። ከዚያ የባርባ ፍራንጉሊስን ሣጥን አጠቡ። ከዚያ የአባ ፓንቴሊስን።

ሦስተኛዋ ሣጥን ስትለቀለቅ እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበርን። ንፍሮው እየታደለ ነው። አባ ፓንቴሊስ ስለ ሟቹ ትሕትና እየተናገሩ ነው፤ ሟቹ ቢሰማ ራሱ ይገርመው ነበር። በዚህ መካከል አንድ ስልክ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ባለቤቱን በዓይኑ ገደለው። ከዚያ የገዳዮቹም ስልክ ጮኸ። ከዚያ ከአባ ፓንቴሊስ ካባ ውስጥ ጮኸ።

አባ ስልካቸውን አውጥተው አነበቡ። «ላይ ዘንቧል» አሉ። «ቀሪውን እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ካባቸውን ሰብስበው ወጡ።

አደባባዩ ላይ ፀሐይ ድንጋዩን እያቃጠለው ነበር። ወደ ሰማይ አየን፤ ደመና የለም። ወደ ስልካችን አየን፤ ዝናብ አለ።

«ሰማዩ ምን ያውቃል!» አለ ባርባ ፍራንጉሊስ፣ እና ሮጠ። ሁላችንም ሮጥን። በጥቁር ልብስ፣ በተወለወለ ጫማ፣ ጉንጫችን በንፍሮ እንደተሞላ። የሟቹ ሚስት ትሪዋን ይዛ በሩ ላይ ቀረች።

ይህን ደግሜ አስቤዋለሁ። ከመቶ የሚበልጥ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረውን ሰማይ ትቶ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የጻፈችውን መልእክት አመነ። አንድም ሰው አልተከራከረም። እኛ ጋ ይህ ተሰምቶ አያውቅም፤ ሰዓት ስንት ነው ቢባል እንኳን ሁለት ወገን ሆነን የምንጣላ ሰዎች ነን።

ላይ ስንደርስ ኪራ አርጊሮ ባዶ ባልዲዋን ይዛ ቆማለች።

«ምንድነው? ማን ሞተ?»

«ዝናብ!»

ቀና ብላ አየች። «የታል?»

«ስልኩ ብሏል!»

«ስልኩ ካለ ልክ ነው፤ የኔ ልጅ ሥራ ነው!» አለችና ባልዲዋን ጥላ ተንበረከከች፤ ከሁላችን ቀድማ መልቀም ጀመረች።

እስከ ከሰዓት ለቀምን። ገና ያልደረቀው ሙጫ ከነአፈሩ ጣታችን ላይ ተጣበቀ፤ የተበላሸው ቀላል አልነበረም። ዝናቡ አልመጣም። ፀሐይዋ ግን መጥታ አንገታችንን ላጠችው።

በማግስቱ ባርባ ፍራንጉሊስ ጃንጥላ ዘርግቶ ካፌ ገባ። ቤት ውስጥም አልዘጋውም።

«አንድ ቡና» አለኝ፣ «ጎርፍ ሳይገባበት።»

ሰው ሳቀ። ማክሰኞ ጠዋት ካፌው ውስጥ አራት ጃንጥላ ነበር። አንዱ የዋና ጫማ አድርጎ መጣ። ሌላው ለማርኬላ ሰላምታ ሲሰጥ «ዛሬስ በረዶ ይዘንባል ወይ፣ እመቤቴ?» ይላል። ልጅቷ ፊቷ ይቀላል እንጂ አትመልስም። የምትመልስላት ኪራ አርጊሮ ናት።

«ከተራራው ጀርባ ዘንቧል!»

«የትኛው ተራራ ነው አርጊሮ? ባሕር ማዶ ያለው የቱርክ ተራራ?»

«አንተ ካርታህን እንኳን በደንብ አታይም፣ ተራራ ላሳይህ? ልጅቷ ዘንቧል ካለች ዘንቧል። ጃንጥላህን ዝጋ፤ ጣሪያው ስር ቆመህ የምትፈራው ሚስትህን ነው እንዴ?»

ሣቁ ወደ ባርባ ፍራንጉሊስ ዞረ። ግን ብዙ አልቆየም። ሰው የተበላሸ ሙጫ ቤቱ አለው፤ ኮሚቴው ደግሞ ነገ ነው። ስለ ስህተተኛው መልእክት ከተማው ድረስ ተሰምቷል።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ካፌው ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ማርኬላ ኮምፒዩተሯን ይዛ ከመምህርት ካሊሮዪ ጋር ገባች። ካሊሮዪ የስክሪኑን ክፍል እዚህ ሆና የምትመራ ናት፤ መብራት ሲጠፋ የምትጮህ፣ ተማሪ ሲያንቀላፋ የምትቀሰቅስ። ጥግ ተቀመጡ። እኔ ጠረጴዛ እወለውል ነበር። ንጹሕ ጠረጴዛ ነው።

ስክሪኑ ላይ የማሳዎቹ ካርታ ነበር። ማርኬላ ጣቷን አስቀመጠች።

«እዪ፣ መምህር። ዝናቡ መጀመሪያ አክስቴ ዛፍ ላይ ዘነበ። ሁለት ጊዜ በኃይል፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ከዚያ የትም የለም። ከዚያ ባርባ ፍራንጉሊስ ጋ ዘነበ፣ ቀጥ አለ። ከዚያ አባ ጋ።»

«እሺ፣ እና?»

«ዝናብ አጥር ላይ ነው የሚያልፈው። ይሄኛው በመንገዱ ወርዶ፣ በሩን ከፍቶ ነው የገባው። ሌሎቹ ሁለት ሣጥኖች በዚያው ተራራ ላይ ሆነው ጠብታ አልነካቸውም።»

«በመካከሉ ያ ሁሉ ጊዜ የት ነበር?»

«ምንጩ ጋ ይመስለኛል።»

«ምን ሲሠራ?»

ማርኬላ ኮምፒዩተሩን ሳታይ፦ «ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ሦስቱ ሣጥኖች ያበራሉ። የወይራ ሳሙና ይሸታሉ። የአክስቴ ሳሙና ነው፣ ራሷ ነው የምታፈላው።»

ካሊሮዪ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞርኩ፤ በሳቅ የሚነቃነቀው ትከሻዬ እንዳይታይ።

«ታውቃለች?»

«አታውቅም። ዘንቧል ብላ ከሰው ሁሉ ጋር እየተጣላችልኝ ነው።»

«በቃ፣ ነገ ትናገሪያለሽ። ክፍሉ ይተርፋል።»

«መንደሩ በሙሉ ተሰብስቦ ባለበት? በዚህ ዕድሜዋ አንድ ቀን ተሳስታ የማታውቅ ሴት፣ ለእኔ ብላ ሣጥን ስላጠበች፣ ባርባ ፍራንጉሊስ እስክትሞት በባልዲ ስም ሊጠራት?»

«ካልተናገርሽ ሣጥኑ ነው የተበላሸው፣ ማርኬላ። ኮሚቴው የሚጽፈው ይሄንን ነው።»

«ሰው ነው ያጠጣው እላለሁ። ማን እንደሆነ አልልም።»

«ማን እንደሆነ ካላልሽ ማን ያምንሻል?»

ልጅቷ ኮምፒዩተሩን ዘጋች። ወደ እኔ ዞር ብላ «አንተም አልሰማህም» አለችኝ። ስለ ናይትሮጅን ነው የሰማሁት አልኩ።

ረቡዕ መጭመቂያው ቤት አፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ወንበር ያጣ መስኮት ላይ ተንጠለጠለ። አባ ፓንቴሊስ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ባርባ ፍራንጉሊስ ጃንጥላውን በር ላይ እንዲተው ተገዷል። ኪራ አርጊሮ የፋሲካ ልብሷን ለብሳ መሃል ተቀምጣለች፤ ማንም እንዳይገፋት ክርኖቿን አዘጋጅታ። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰዎች ብቅ አሉ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኤርሚዮኒ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው።

ማርኬላ ሣጥኑን አሳየች፣ ማንኪያዋን አሳየች፣ እንዴት እንደምትቆጥር አስረዳች። ወይዘሮ ኤርሚዮኒ ጨርሰው አዳመጡ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ዕለት ግን በጠራራ ፀሐይ መንደሩን አስሩጣችሁታል። ሰዎች ምርታቸው ተበላሽቶባቸዋል። ሣጥኑ ተሳስቷል ማለት ነው?»

«ሣጥኑ አልተሳሳተም። ውኃ ነበር፤ ውኃ አለ ብሏል።»

«ዝናብ ግን አልነበረም።»

ማርኬላ ካርታውን አወጣች። እኛ ሰማያዊ ነጥቦቹን ስክሪኑ ላይ ሲበሩ አየን፤ አንደኛው ማሳ፣ ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። «ይህ ዝናብ በእግር መንገዱ ነው የሄደው» አለች። «በሰው እርምጃ። መሃል ላይ አረፍ ብሏል። አንድ ሰው ሣጥኖቹ ላይ ውኃ አፍስሷል። በክፋት አይደለም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰው ጎረቤቱን ማየት ጀመረ። ባርባ ፍራንጉሊስ ሁሉንም በየተራ አየ፤ ራሱን ጭምር የተጠራጠረ ይመስል ነበር።

«ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ኤርሚዮኒ።

«ልናገር አልችልም።»

«አታውቂም ወይስ አትናገሪም?»

«አልናገርም።»

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ፊታቸው ላይ እንዲያውም ሐዘን ነበር። «ልጄ፣ እኔ አምንሻለሁ እንበል። ግን ያፈሰሰው ሰው ከሌለ የቀረን አንድ የተሳሳተ መልእክት ነው። በዚህ ላይ ተመሥርተን ለሌሎች ደሴቶች ይሠራል ብለን መፈረም አንችልም። ይህ ይገባሻል?»

«ይገባኛል» አለች ማርኬላ።

ካሊሮዪ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ኪራ አርጊሮን እያየሁ ነበር። ሰማያዊ ነጥቦቹን በጣቷ አየር ላይ እየተከተለች ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የኔ ማሳ። መንገዱ። ምንጩ። ሁለቱ ጎረቤቶቿ ከኋላዋ ተቀምጠው ወለሉን ያጠናሉ፤ እነሱ ቀድመው ደርሰውበታል።

«ቆይ» አለች ኪራ አርጊሮ። «ያቺ ማንኪያ... ሰማይ አታይም?»

«አታይም፣ አክስቴ» አለች ማርኬላ ቀስ ብላ። «የሚገባባትን ብቻ ነው የምትቆጥረው። ተቀመጪ።»

«ማንኛውንም ውኃ?»

«ተቀመጪ በናትሽ።»

አልተቀመጠችም። የልብሷን እጥፋት በሁለት እጇ አቃናች። ስክሪኑን ሳይሆን መጀመሪያ እኛን፣ መንደሩን፣ ከጥግ እስከ ጥግ አየችን። ከዚያ ወደ ወይዘሮዋ ዞረች።

«እኔ ነኝ ዝናቡ» አለች።

መስኮት ላይ የተንጠለጠለ አንድ ሰው ወደቀ።

«ሣጥኖቹ ቆሸሹ። በካሜራ ልታዩዋቸው ነው ተባለ። የዚህች ልጅ ሥራ ቆሽሾ ከሚታይ እኔ ብሞት ይሻለኛል። አጠብኳቸው። በሳሙና። አፋቸውን ደግሞ በደንብ አሸሁት። ስህተት ነው። ጻፉት፤ ስሜ አርጊሮ ነው። ሣጥኑ ግን ጤነኛ ነው።»

ባርባ ፍራንጉሊስ አፉን ከፈተ። አባ ፓንቴሊስ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጉልበቱን ያዙት። አፉን ዘጋ።

ከወይዘሮ ኤርሚዮኒ በስተቀኝ ያለው ጢማሙ ሰውዬ ወደ ካሜራው ተጠጋ። እስከዚያ ድረስ አልተናገረም። «እመቤቴ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። ውኃው ምን ያህል ነበር? ልጅቷ አትመልስ።»

«የኔን በሁለት ባልዲ ለቀለቅኩት።»

«ሁለተኛውን?»

ኪራ አርጊሮ ወደ ባርባ ፍራንጉሊስ በዓይኗ ጠቆመች። «የዚህን ሰውዬ? በሦስት። እርግብ ቤት አድርጎት ነበር።»

«ሦስተኛውን?»

«የአባን በአንድ። ካህን ናቸው፣ ንጹሕ ነበር። ደግሞ ደክሞን ነበር።»

ሰውየው ወደ ወረቀቱ አላየም፤ ወደ ማርኬላ አየ። «አሁን ቁጥሮቹን አሳዪን።»

ማርኬላ ቁልፉን ነካች። ስክሪኑ ላይ ሦስት ሰማያዊ ዓምዶች ቆሙ። የመጀመሪያው መካከለኛ። ሁለተኛው ከእሱ ግማሽ ያህል የሚበልጥ። ሦስተኛው አጭር። ማንም ምንም እንዲያስረዳን አላስፈለገም፤ ባልዲ የማያውቅ ሰው በመካከላችን የለም። መጀመሪያ የሳቀችው በተዝካሩ ቀን ትሪዋን ይዛ የቀረችው የሟቹ ሚስት ናት። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ፣ ከዚያ አጨበጨበ፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም።

ወይዘሮ ኤርሚዮኒ «ለአፍታ እንመካከራለን» አሉና ምስላቸውን ዘጉ። ድምፃቸውን ግን አልዘጉም።

«ሁለት ባልዲን ከሦስት ለየችው እኮ» ይላል ጢማሙ። «የኔ ቤት የውኃ ቆጣሪ ይሄን አያውቅም።»

«እናቴ መንደር» አሉ ወይዘሮዋ፣ «አምና ዘቢቡ በሙሉ እንደተሰጣ በሰበሰ። እንዲህ የሚነግራቸው አልነበረም።»

ካሊሮዪ ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ልትነግራቸው እጇን ዘረጋች። ኪራ አርጊሮ እጇን ያዘቻት። «ተያቸው» አለች በሹክሹክታ። «ሐሳባቸውን አታቋርጪ።»

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳን እንዲያ ጸጥ ብለን አናውቅም። ስማቸው ሲጠራ ሰማን፣ አምስቱም ልጆች በየተራ። «የላይኛው ክፍልም ይጨመርላቸው» ሲባል ሰማን። ምስሉ ተመልሶ ወይዘሮ ኤርሚዮኒ ውሳኔውን ሲነግሩን፣ ለመገረም የቻልነውን ያህል ሞከርን። ክፍሉ ይቀጥላል። ከዚህ በኋላ ደግሞ ልጆቹ ሥራቸውን ለሌሎች ደሴቶች ተማሪዎች እንዲያስተምሩ ተጠይቀዋል።

ሰው ሲወጣ ማርኬላና አክስቷ ወፍጮው አጠገብ ቀሩ። እኔ ወንበሮቼን እየሰበሰብኩ ነበር፤ የተዋሱት ከእኔ ነው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች ኪራ አርጊሮ።

«ትናንት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ኪራ አርጊሮ አሰበች። «ሣጥኑን በድንጋይ ሰብሬ፣ ፍራንጉሊስ ነው እል ነበር።»

«ለዛ ነው ያልነገርኩሽ።»

አክስቷ የልጅቷን አንገትጌ፣ ምንም ያልሆነውን አንገትጌ፣ አስተካከለች። «አፍንጫሽ ስር ክፍሉ ሲዘጋ ስሜን አልጠራሽም» አለች። «ከማን እንደወረስሽው አላውቅም። ከእናትሽ ወገን አይደለም።»

በሳምንቱ ሰኞ ትምህርቱ ተጀመረ። ከዚያ በፊት በዚያ ስክሪን እውቀት ወደ እኛ ይመጣ ነበር፤ ያን ቀን ከእኛ ወጣ። ስክሪኑ ላይ የማናውቃቸው ልጆች ፊት ተደርድሯል፤ ደሴታቸውን ስማቸው ስር ጽፈዋል። አንዳንዶቹን ደሴቶች እኔ በመርከብ አልፌያቸው እንኳን አላየኋቸውም። ማርኬላ ወፍጮው አጠገብ ቆማለች፤ አራቱ ጓደኞቿ የተፈታታች ሣጥን ይዘው ከጎኗ። የተሰሎንቄው መምህር ድመቷን አቅፎ ከተማሪዎቹ ጋር ገብቷል።

መንደሩ በር ላይ ቆሟል። ሁሉም በአጋጣሚ ሲያልፍ ነው የቆመው። አባ ፓንቴሊስ በአጋጣሚ ወንበር ይዘው ነበር የሚያልፉት።

አንዲት ትንሽ ልጅ ከአንዲት ትንሽ ደሴት እጇን አወጣች። «ለምንድነው ሦስት የሚሆኑት?»

«አንዷ ብትሳሳት ሌሎቹ እንዲያርሟት ነው» አለች ማርኬላ። «ሦስቱም ቢሳሳቱ ደግሞ ቁጥሩን ታዪና ለምን ብለሽ ትጠይቂያለሽ። አሁን ማንኪያዋን እንዴት እንደምንሠራት ላሳያችሁ።»

ከሰው ኋላ ቆሞ በደንብ ያልተሰማው ባርባ ፍራንጉሊስ ባርኔጣውን አውልቆ እየተንጠራራ ነበር። «ምንድነው የሚሉት?» አለ ጮክ ብሎ። «ምን እየተደረገ ነው?»

ኪራ አርጊሮ ዘወር አለች።

«ዝም በል» አለችው። «እያስተማርን ነው።»